ሙጫ የጠጣ ባቄላ

ደባርቅ በተጋባንበት ዓመት ባሌ ከእኔ ሌላ የሚወደው ነገር ነበረው፤ ሙጫ። ይህን ስናገር ዛሬም ይስቃል እንጂ አያስተባብልም።

እኔ በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። እሱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው። የደርግ ጊዜ ነበርና ስብሰባው ብዙ፣ ዕቃው ጥቂት ነው። በዚያ ዓመት ለገበሬው ይመጣል የተባለው የተባይ መድኃኒት መጀመሪያ ጎንደር ደርሷል ተባለ፤ ቀጥሎ ዳባት ደርሷል ተባለ፤ ከዚያ ወሬውም ቀረ። ባሌ ግን በየማለዳው የመጋዘኑን በር ከፍቶ ባዶውን ወለል ያይና መልሶ ይዘጋል።

«ምን ልታይ ነው የምትመላለሰው?» እለዋለሁ።

«ምናልባት ሌሊት ገብቶ እንደሆነ» ይለኛል።

የሙጫው ነገር የጀመረው በተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ ከነበረችው የኮክ ዛፍ ነው። ዛፏ ፍሬ የምትሰጠው እንደ ስሜቷ ነበር፤ ግንዷ ላይ ግን ከቁስሏ የወጣ ሙጫ ሁልጊዜ አይጠፋም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባሌን ከዛፏ ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«ነይ! ቶሎ በይ!» አለኝ።

እባብ ያየ መስሎኝ ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ። «ምንድን ነው?»

«ጉንዳን።»

«እና?»

«ሙጫው ላይ ተጣብቋል።»

«እሺ፣ እና?»

«መላወስ አቃተው!» አለኝ፤ ዓይኑ የሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ አላበራም። «ጉንዳኑን ተይው። ክሽክሹን አስቢ።»

ክሽክሽ ማለት የባቄላ እንቡጥና ለጋ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ጭማቂውን የሚመጥጥ ጥቁር ደቃቅ ተባይ ነው። ከከተማው በታች፣ የጎንደር መንገድ ዳር፣ የገበሬ ማኅበሩ በበጋ በወንዝ ውኃ የሚያለማው የባቄላ ማሳ ነበረ፤ የባሌም የራስ ምታት እሱ ነበር። ባቄላው ገና ሳያብብ ክሽክሽ ወርሶታል። መድኃኒቱ አልመጣም። ባሌም ሙጫ በውኃ አሟሙቶ ቢረጨው ሲደርቅ ክሽክሹን ከነሕይወቱ አጣብቆ የሚያስቀረው መሰለው።

የኮኳ ሙጫ አውራ ጣት ከማጣበቅ ስለማያልፍ ቅዳሜ ገበያ ወረድን። የግራር ሙጫ የሚመጣው ከሊማሊሞ ቁልቁል፣ ከዛሪማ በኩል ካለው ቆላ ነው። ነጋዴዋ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ብርዱን እየረገመች ተቀምጣለች፤ ቆላ የለመደ ሰው ደባርቅን አይወድም። ከፊቷ ማር የመሰለ ድብልብል ሙጫ በሰፌድ ዘርግታለች።

«ለመሪጌታ ነው?» አለችው። በእሷ ደንበኞች ዘንድ ሙጫ ለቀለም መበጥበጫ ነው፤ ብራና ለሚጽፉ።

«አይ፣ ለባቄላ ነው» አላት።

አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ታሞ እንደሆነ የምትጠይቀኝ ይመስል። «ባቄላ መጻፍ ጀመረ እንዴ?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን ኮስተር ብሎ የተዘረጋውን ሁሉ አስጠቀለለ።

ቤት ስንደርስ ሙጫውን የሚያፈላበት ዕቃ ፈለገ። ከነበሩን ዕቃዎች ሁሉ የመረጠው እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን አበባ ያለበትን ድስት ነው። «ታጥቦ ይመለሳል» አለኝ። ምድጃው ላይ ጥዶ በእንጨት ማንኪያ ሲያማስል ዋለ። ቤቱ እርጥብ እንጨትና ያረረ ስኳር ሸተተ። አንድ ጊዜ ጎረቤት ጠርታኝ ወጥቼ ስመለስ ማንኪያው ድስቱ መሐል ብቻውን ቆሟል፤ ባሌ ደግሞ እጁን አጣጥፎ በኩራት ያየዋል።

«ወፍሯል» አለኝ።

«እሱንስ አይቻለሁ። ማንኪያዬ ግን ይወጣል?»

ማንኪያው ወጣ። ድስቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ከሥሩ የቀረውን ሙጫ አሸዋም፣ አመድም፣ የእኔ ልቅሶም አላስለቀቀውም።

ሙጫው በብዙ ውኃ ቀጥኖ መጀመሪያ የተረጨው የእኔ ጎመን ላይ ነበር። ሲደርቅ ጎመኑ ማብረቅረቅ ጀመረ። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን፣ እትዬ የምላቸው፣ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣

«አንቺ ልጅ፣ ጎመንሽን ቅባት ቀባሽው? ለማን ልትድሪው ነው?» አሉኝ።

ቀልዱን ሳልመልስላቸው ባሌ አንዱን ቅጠል ገልብጦ አሳያቸው። የጎመኑ ክሽክሽ ከቅጠሉ ጋር ተለጥፎ፣ ደርቆ፣ እንደ ኑግ ቅንጣት ሆኗል። እትዬ በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው አዩት። «እውነትም ሙት ነው» አሉና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ግን ይህን ማን ሊበላው ነው?»

እውነታቸውን ነበር። ያን ጎመን ሳጥብ ረፋዱ አለቀ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ባሌ ራሱ በላ፤ እያኘከ «ምንም አይልም» አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ከንፈሩን በእጅጌው ሲያብስ አይቼዋለሁ።

በሳምንቱ መሪጌታ መጡ። በከተማው ካሉት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጽሕፈት የሚያውቁ እሳቸው ነበሩ፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ ቁጣቸው ግን ከሩቅ የሚሰማ። መቋሚያቸውን ደጃፉ ላይ አስደገፉና፣

«የገበያውን ሙጫ ጠራርጎ የወሰደ ሰው እዚህ ነው የሚኖር?» አሉኝ።

«ይግቡ መሪጌታ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም» ብለው ተቀመጡ። «ብራናው ተፍቋል። ብዕሩ ተቀርጿል። ጥቀርሻው ተወቅጧል። እኔ ሙጫ አጥቼ እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብያለሁ። አንተ ልጅ፣ ለምን አደረግኸው?»

ባሌ ተነሥቶ ቆመ። «ለክሽክሽ ነው፣ መሪጌታ።»

«ለክሽክሽ!» አሉ ወደ ጣራው እያዩ። «ምን አደረግኸው ደግሞ ለክሽክሽ?»

«አፍልቼ እረጨዋለሁ።»

ሙጫው መወሰዱን ችለው ነበር፤ መፍላቱን ግን አልቻሉም። «ሙጫ ይፈላል እንዴ? ሙጫ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ በዝግታ ነው የሚሟሟ!»

«ሲፈላ ይፈጥናል፣ መሪጌታ።»

«መፍጠኑን ማን ጠየቀህ?»

ባሌም ሙጭጭ አለ፤ እሳቸውም ሙጭጭ አሉ። በመጨረሻ በሁለት ጣሳ፣ አንዱን በፈላ አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው፣ መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። መሪጌታ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ሁለቱም በየተራ ጣታቸውን ነከሩ፣ አሹ፣ አሸተቱ። እኔም ነከርኩ። ልዩነት አልነበረውም።

«አየህ» አሉ መሪጌታ፣ ቀዝቃዛውን እያመለከቱ።

«አዩ» አለ ባሌ፣ የፈላውን እያመለከተ።

ሁለቱም ያሸነፉ ስለመሰላቸው ሙጫውን በሰላም ተካፈሉ። መሪጌታ የድርሻቸውን በኩታቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ያን ሰሞን አንዳንድ ሰው «ያ የግብርናው ሰው ከዛፍ የሚወጣ ነገር እያፈላ ሰብል ላይ ይረጫል፣ መተት ይሁን ምን ይታወቃል» እያለ ያንሾካሹክ ነበር። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ሙጫ ንጹሕ ነገር ነው፤ ቃለ እግዚአብሔር የሚጻፍበት ነው፤ ክሽክሽ ቢገድል ምን ነውር አለው?» አሉ ተባለ። ባሌ በዚህ ልቡ ተነካ። እኔ ግን ይህን ያሉት ሙጫው ኩታቸው ውስጥ ከገባ በኋላ መሆኑን አስታወስኩት።

በመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ጓድ ሙጫ» የሚል ስም ወጣለት። እኔን መምህራኑ «የጓድ ሙጫ ባለቤት» አሉኝ። ስሙ አልከፋኝም፤ እኔንም ቢሆን ያገባኝ እንደዚያው ተጣብቆ ነው። ሽማግሌ ልኮ አባቴ «እናስብበት» ሲሉ፣ ማሰቢያ ጊዜ እንዳያገኙ ሽማግሌዎቹን በየእሑዱ ይልክባቸው ነበር።

የባቄላው ቀን ደረሰ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ከትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ባሌ የሙጫውን ነገር ሲያስረዳው ግማሹን ሰማና ለጎንደር አለቆች አስታወቀ። እንግዶች መጥተው እንዲያዩ ተወሰነ። ባሌ «በአንድ መደብ ላይ እንሞክርና እንይ» ብሎ ለምኖት ነበር፤ ሊቀመንበሩ «ጓድ፣ አብዮት በመደብ በመደብ አይደለም!» አለው። ማሳው በሙሉ ሊረጭ ሆነ።

እኔ ያን ቀን የተገኘሁት ለመዝሙር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ተማሪ ይዘምራል፤ የእኔ ክፍል ደግሞ ድምፁ ትልቅ ነበር። ተማሪዎቼን አሰልፌ ስደርስ ባሌ ማሳው መሐል ከጀርባው የመርጫ ዕቃውን አዝሎ ይታገላል። የመርጫው አፍ በሙጫ ተደፍኗል። አወለቀና በአፉ እፍ አለው። ሙጫው ለቆ ወጣ፤ የወጣው ግን ወደ እሱ ነው። ጢሙ ግራና ቀኙ ከከንፈሩ ጋር ተጣበቀ። ተማሪዎቼ ፊት ላለመሳቅ ወደ ወንዙ ዞርኩ።

መርጫው ስላልሠራ የማኅበሩ ሴቶች ተጠሩ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ እየያዙ፣ ባልዲ ውስጥ እየነከሩ፣ በመደቡ መካከል እየተራመዱ ይረጩ ጀመር።

«ስንጠራ ለሥራ መስሎን፤ ለካ ባቄላ ልናጠምቅ ነው» አለች አንዷ።

«የክርስትና ስሙን ማን እንበለው?» አለች ሌላዋ።

ሳቁ ከዳር እዳር ሄደ። ባሌ ሥራው ስለተቀላጠፈ ደስ ብሎት እየተከተላቸው «ከቅጠሉ ሥር! ከቅጠሉ ሥር ነው ያለው!» እያለ ይጮኻል። እሱ ቤት የበጠበጠው ቀጭን ስላልበቃ፣ ሊቀመንበሩ ወደ ቆላ ሰው ልኮ ሙጫ አስመጥቶ ተጨማሪ አስበጥብጦ ነበር፤ የእሱ ደግሞ እንደ ሊቀመንበሩ ነው፣ ወፍራም። ረጭተው ሲጨርሱ ማሳው በፀሐይ እንደ መስታወት አበራ። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ባሌ ወደ እኔ አየና በዓይኑ «አየሽ?» አለኝ።

ከዳባት ስልክ ተደውሎ እንግዶቹ እዚያ ምሳ እየበሉ መሆኑ ተነግሮናል። ሙጫው እስኪመጡ ይደርቃል ብለን መንገድ መንገዱን ስናይ፣ ከጎንደር በኩል አቧራ ተነሣ።

«መጡ!» አለ ሊቀመንበሩ። ተማሪዎቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የመጡት ግን እንግዶቹ አልነበሩም። ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሊማሊሞ የሚያልፉ ናቸው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው፣ እሱ ሲያልፍ ሌላው። ያ መንገድ ጠጠር ነው፤ ዝናብ ካየ ደግሞ ቆይቷል። አቧራው እንደ ጉም ተነሥቶ፣ ነፋሱ ገፍቶ፣ እኛንም ባቄላውንም ሸፈነን። ስንስል ቆይተን ዓይናችንን ስንከፍት መኪኖቹ አልፈዋል። አቧራው ከእኛ ላይ ሲራገፍ ይወርዳል። ከባቄላው ላይ ግን የትም አይሄድም፤ ሙጫው ይዞታል። ማሳው በሙሉ ከሥር እስከ ጫፍ የጭቃ ግድግዳ መሰለ።

ባሌ አንድ ቅጠል ያዘና ለቀቀው። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ስላላስቻለኝ ተማሪዎቼን ትቼ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። «ዝናብ ቢመጣስ?» አልኩት። ሁለታችንም ሰማዩን አየን። አንድ ደመና የለም።

እንግዶቹ ወዲያው ደረሱ። አለቃቸው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ካኪ የለበሰ ደልዳላ ሰው ነው። ከመኪናው ወርዶ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየና፣

«የተዘራው ምንድን ነው?» አለ።

«ባቄላ ነው፣ ጓድ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

ሊቀመንበሩ ግን ንግግር አጥቶ አያውቅም። አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣና፣ «ጓድ፣ ይህ የአፈር ካባ የሚባል ዘዴ ነው! ሰብሉን ከብርድና ከተባይ ለመከላከል በሰፊው ሕዝብ ጥረት አፈር እንዲለብስ የተደረገ…» ማለት ሲጀምር ባሌ አላስችለው አለ።

«አይደለም፣ ጓድ» አለ። «ሙጫ ረጭተን ነበር። ሳይደርቅ መኪና አለፈና አቧራ ለበሰ።»

ሊቀመንበሩ ባሌን ያየው አስተያየት ዛሬም አይረሳኝም። እንግዳው መነጽሩን አወለቀ፤ ወደ ማሳው ገባ፤ አንድ እንቡጥ በሁለት ጣቱ ያዘ። ሊለቀው ሲል ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። አላቀቃቸውና ጠጋ ብሎ አየ።

«ክሽክሹስ?»

«ሞቷል፣ ጓድ።»

«ባቄላውስ?»

«ካልታጠበ እሱም ይከተለዋል።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ሰውየው ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ በሙሉ ሆዱ። አብረውት የመጡት መሳቅ እንደተፈቀደ ሲያዩ እነሱም ሳቁ፤ ሊቀመንበሩም በመጨረሻ፣ ከሁሉ በላይ ጮኾ።

«እንግዲያው ቆመን ምን እናያለን?» አለ እንግዳው። «ይታጠባ!»

መዝሙሩ ቀረ። ተማሪዎቼ ወደ ወንዙ ሮጡ፤ ሴቶቹ በእንስራም በባልዲም ውኃ አመላለሱ። እያንዳንዱን ተክል እንደ ሕፃን አንገቱን ደግፈን አጠብን። እንግዳው ኮቱን ለሾፌሩ ሰጥቶ አንድ መደብ ጫፍ ላይ ጥቂት አጠበ፤ ሙጫው ከጣቱ አልለቅ ሲለው ግን ለተማሪዎቼ አስረክቦ ወጣ። መሪጌታም በዚያ ሲያልፉ ቆመው አዩን። «አፍልታችሁት ነዋ!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እስኪመሽ ታጥቦ ያለቀው ከማሳው የተወሰነው ነበር። በየቀኑ እየተመለስን አጠብን። ያልደረስንበት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ። የታጠበው ግን ቀና ብሎ አበበ፤ ክሽክሽም ለብዙ ጊዜ አልተመለሰበትም። የተገኘው ምርት ባሌ ካሰበው ያነሰ፣ እኔ ከፈራሁት የበለጠ ነበር። ሊቀመንበሩ እሸቱን በጆንያ ለጎንደር ላከ፤ ለእኛም የድርሻችንን በእጁ ይዞ መጣ፤ «የአፈር ካባ» የሚለውን ስም ግን በየስብሰባው ከመናገር አልተወም።

ባሌ ከዚያ ወዲህ ሙጫን በልክ ያዘው። እንደ ውኃ የቀጠነ፣ በማለዳ፣ መኪና በማያልፍበት፣ ያውም ክሽክሹ በያዘው ጫፍ ላይ ብቻ። ለችግኝ ደግሞ ሌላ ነገር አሰበ። ከቡይት ራስ በኩል የሚመጡ ገበሬዎች የጎመን ችግኝ ከገበያ ገዝተው እስከ መንደራቸው ሲወጡ ነፋሱ ሥሩን አድርቆ ይገድልባቸው ነበር። ባሌ እበትና ሙጫ በውኃ ለውሶ የችግኙን ሥር ነክሮ ይሰጣቸው ጀመር። ሥሩ ጭቃ ለብሶ ሳይደርቅ ይደርሳል፤ ሲተከልም ቶሎ ይይዛል። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ መጥቶ አመሰገነው፤ አንዳንዱ ደግሞ «ሽታው በመንገድ ገደለን» ብሎ ተቆጣው። ቁጣውንም እንደ ምስጋናው ተቀበለ።

ቆይቶ መንገዱ ተበላሸ። ወደ ቆላው ጦርነት ነበረና ከሊማሊሞ በታች የሚወጣ ነጋዴ እየቀነሰ ሄደ፤ ሙጫ የምታመጣዋን ሴት ደግመን አላየናትም። ባሌ በየቅዳሜው ተቀምጣበት የነበረውን ቦታ ያይ ነበር። በዚያ አላሾፍኩበትም።

የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዤ ሳለሁ ወደ ዳባት ተዛወርን። ዕቃችንን የጫነው መኪና አራግፎን ሲሄድ ቤቱ በር እንጂ መቆለፊያ አልነበረውም። አልጋው ገና አልተገጠመም፤ ፍራሹ ግቢው መሐል ተዘርግቷል። እግሬ አብጦ ነበርና እዚያው ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ መዶሻና ሚስማር ሊያመጣ ሄደ ብዬ ስጠብቀው፣ ከቤቱ ጀርባ እበት የያዘ ጣሳና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የኮክ ችግኝ ይዞ ብቅ አለ። ችግኙን ከደባርቅ ጀምሮ ጉልበቱ ላይ ታቅፎ መጥቷል ለካ፤ እኔ ቅል መስሎኝ ነበር።

«አልጋውስ?» አልኩት።

«እገጥመዋለሁ። ይኸ ግን ፀሐይ ሳይመታው…»

ጉድጓዱን በእጁ ቆፈረ፤ አፈሩ ደረቅ ስለነበር ጥፍሩ ተሰበረ። አይቼው እንደሆነ ለማወቅ ቀስ ብሎ ዞረ። አይቼዋለሁ። ከፍራሹ እየተደገፍኩ ተነሣሁና ችግኙን ያዝኩለት፤ እሱ ውኃ ሊቀዳ ወደ ጎረቤት ሄደ።